ሰንጠረዥ፦ በቤተ መንግሥት የኖረው፣ መምህር ያጣው ጥንታዊ ጨዋታ

ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ለመንግሥት ሠራተኛው እንግዳ አይደለም። የዕቅድ አፈጻጸም፣ የበጀት ክፍፍልና የሰው ኃይል ብዛት በረድፍና በዓምድ ተከፋፍሎ የሚቀርብበት ቅጽ ሰንጠረዥ ይባላል። ይሁንና ቃሉ የኢትዮጵያ ነገሥታት፣ መሳፍንትና መኳንንት ለረጅም ዘመን ሲጫወቱት የኖሩት ጨዋታ መጠሪያም ነው። ዛሬ ዓለም ቼስ ብሎ የሚጠራው ጨዋታ ጥንታዊ ዘመድ የሆነው ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ የራሱን ሕግና ሥነ ሥርዓት ይዞ ቆይቶ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተጫዋቾቹ እየተመናመኑ በመሄዳቸው ከዕለት ተዕለት ኑሮ ወጥቷል።

ኢትዮጵያ ዛሬ የዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን አባል ናት። የጨዋታው ከፍተኛ ማዕረግ የሆነውን ግራንድ ማስተርነትን ያገኘ ኢትዮጵያዊ ግን እስካሁን አልተመዘገበም። ሰንጠረዥን ከቀደሙት አገሮች እኩል ሲጫወት የኖረ አገር ለምን እዚህ ላይ እንደደረሰ ለመረዳት፣ ጨዋታው እንዴት እንደመጣ፣ እነማን እንደተጫወቱትና በማን እጅ እንደተላለፈ መመልከት ያስፈልጋል።

ጨዋታው የመጣበት መንገድ

የቼስ ታሪክ አጥኚዎች የጨዋታውን መነሻ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በሰሜን ሕንድ ይጫወቱት ከነበረው ቻቱራንጋ ጋር ያያይዙታል። ከሕንድ ወደ ፋርስ ተሻግሮ ቻትራንግ ተባለ፤ ዓረቦች ፋርስን ከያዙ በኋላም ሻትራንጅ በሚል ስም በዓረቡ ዓለም ተስፋፋ። ሰንጠረዥ የሚለው የአማርኛ ቃል ከዚሁ ስም የመጣ ነው።

የጠጠሮቹ መጠሪያም ይህንኑ መንገድ ያሳያል። ፊል በዓረብኛ ዝሆን ማለት ሲሆን ፈርዝ ደግሞ የንጉሥ አማካሪ የሚል ትርጉም ካለው የፋርስ ቃል የተወሰደ ነው። በአውሮፓ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጨዋታው ሕግ በእጅጉ ተለውጦ፣ ፈርዝ በሁሉም አቅጣጫ ርቃ የምትሄድ ንግሥት ሆነች፤ ፊልም በአግድሞሽ የፈለገውን ያህል የሚጓዝ ጠጠር ሆነ። ኢትዮጵያ ግን ይህን ለውጥ ሳትቀበል የጥንቱን አካሄድ ይዛ ቀጠለች። በመሆኑም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ተጫዋች የአብዛኞቹ ጠጠሮች አካሄድ በዘመኑ ከነበረው የለንደን ጨዋታ ይልቅ ከሺህ ዓመት በፊት በባግዳድ ይደረግ ከነበረው ጋር ይቀራረብ ነበር።

የሰንጠረዥ ሕግና ሥነ ሥርዓት

ሰንጠረዥ በ8 ረድፍና በ8 ዓምድ በተከፈለ፣ 64 ቤት ባለው ገበታ ላይ የሚደረግ የሁለት ሰዎች ጨዋታ ነው። ቤቶቹ እንደ ዛሬው ቼስ ነጭና ጥቁር ሆነው አይለዩም። ገበታው ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን መስመሮቹ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ ይሠሩ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይኖሩታል። ንጉሥ ከተቃራኒው ንጉሥ ፊት ለፊት ሳይሆን ከተቃራኒው ፈርዝ ፊት ለፊት ይቆማል።

ደር በቀጥታ መስመር ርቆ የሚሄድ ጠጠር ሲሆን ፈረስ እንደ ዛሬው ቼስ ፈረስ ይዘላል። ፊል በአግድሞሽ አንድ ቤት ዘሎ ሦስተኛው ላይ ያርፋል። ፈርዝ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቤት በላይ አይራመድም። መደቅም ከመነሻው ጀምሮ አንድ ቤት ብቻ ወደፊት ይሄዳል።

ሰንጠረዥን ከሌሎች አገሮች ጨዋታ ሁሉ የሚለየው መክፈቻው ነው። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጠጠሮቻቸውን እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ የተጋጣሚያቸውን አሰላለፍ እያዩም የራሳቸውን ይለዋውጣሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይቀጥላል። ዓረቦች የጥንቱ ጨዋታ አጀማመር አዝጋሚ በመሆኑ አስቀድሞ የተጠና አሰላለፍ በማዘጋጀት ችግሩን ለማቃለል ሲሞክሩ፣ ኢትዮጵያውያን በወረራ ፈትተውታል ማለት ይቻላል።

አሸናፊነትም የራሱ ደረጃ ነበረው። በደር ወይም በፈረስ የተጋጣሚን ንጉሥ መግቢያ መውጫ ማሳጣት ጥበብ የጎደለው ድል ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በፈርዝ ወይም በፊል ማሸነፍ ያስከብራል፤ በመደቅ ማሸነፍ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስመሰግናል። ጠጠሮቹን ሁሉ አጥቶ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሸነፍም። ተጋጣሚው ከመደቅ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ ሲቀረውም ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ጨዋታውን መጨረስ ግዴታ ነበር። በመሆኑም ጎበዝ የሚባለው ተጫዋች የተጋጣሚውን ሠራዊት የሚፈጀው ሳይሆን መጠኑን ጠብቆ፣ በአነስተኛው ጠጠር ድሉን የሚያገኘው ነው።

ስማቸው የተመዘገበ ተጫዋቾች

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት መኖሩን ከሚያመለክቱ ቀደምት መረጃዎች አንዱ የዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ነው። ከእ.ኤ.አ 1508 እስከ 1540 የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል በግቢያቸው ይኖር ከነበረ ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር በዘመኑ የተሰበሰቡ የጣሊያናውያን መዛግብት ያመለክታሉ።

በስፋት የተገለጹት ተጫዋች ግን የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው። የእንደርታው ተወላጅ ራስ ወልደ ሥላሴ በዘመነ መሳፍንት ከኃያላኑ መሳፍንት አንዱ የነበሩ ሲሆን በአንታሎና በጨለቆት ተቀምጠው እ.ኤ.አ እስከ 1816 ድረስ ገዝተዋል። እ.ኤ.አ በ1805 ግቢያቸውን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥን እጅግ ይወዱ እንደነበር ጽፏል።

እንደ ሳልት ገለጻ ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ብዙ ያልተጌጡ ነበሩ። ተጫዋቹ የተጋጣሚውን ጠጠር ሲበላ በኃይል መትቶ ከቦታው ያነሳዋል። ጨዋታው ጸጥታ የሰፈነበት አልነበረም። ዙሪያውን የከበበው ሰው ሁሉ፣ አገልጋዮችም ጭምር፣ ሐሳብ ይሰጣሉ፤ የተሻለውን አካሄድ ለማሳየትም ጠጠሩን ራሳቸው እስከማንሳት ይደርሳሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ተጫዋቾቹ በዘዴ ራሱን በየጨዋታው አሸናፊ ያደርጓቸው እንደነበር ሳልት ሳይታዘብ አላለፈም።

ይህ መረጃ ሁለት ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛው የጨዋታው ዕውቀት በመኳንንቱ ብቻ ሳይወሰን በግቢው አገልጋዮችም ዘንድ የነበረ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጨዋታው የሚካሄደው በጌታ ፊት በመሆኑ የተጫዋቹ እውነተኛ ችሎታ የሚመዘንበት መድረክ አለመኖሩ ነው። ጌታውን ማሸነፍ የማይችል ተጫዋች የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ስሙ አይመዘገብም። የራሱ ስም በታሪክ ሲቀር፣ አሸንፈው እንዲወጡ ያደረጓቸው ባለሙያዎች ስም ያልቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሚነሱት ተጫዋቾች መካከል እቴጌ ጣይቱ ብጡል ይገኙበታል። በጎጃም ደብረ መዊዕ ገዳም እንደተማሩ የሚነገርላቸው እቴጌ ጣይቱ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ በገናን የሚደረድሩና ሰንጠረዥን የሚጫወቱ እንደነበሩ በሕይወት ታሪካቸው ተጽፏል። ይህም ጨዋታው ለወንዶች ብቻ የተተወ እንዳልነበረ ያሳያል።

የባሶ ገበያና የፕላውደን መጽሐፍ

ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ይጁቤ የምትገኝበት አካባቢ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባሶ ገበያ የታወቀ ነበር። ባሶ ከዓባይ ማዶ የሚመጡ ነጋዴዎች ከሰሜኖቹ ጋር የሚገናኙበት የጎጃም ታላቅ ገበያ ሲሆን ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ከደቡብ ደግሞ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይቀርብበት ነበር፤ ባሪያም ይሸጥበት ነበር። የሰንጠረዥ ጠጠሮች የሚቀረጹበት የዝሆን ጥርስ ወደ ሰሜን ከሚያልፍባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። መንገዱ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃምን ከጉድሩ ጋር ያገናኛል።

የሰንጠረዥን ሕግ በዝርዝር ጽፈው ካቆዩት ቀደምት ሰዎች መካከል የሚጠቀሰው ዋልተር ፕላውደንም በጎጃም በኩል ዓባይን ተሻግሮ ጉድሩ የደረሰ ተጓዥ ነው። ፕላውደን እ.ኤ.አ በ1843 ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በራስ ዓሊ ግቢና በኋላም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በአገሪቱ ቆይቶ በ1860 ጎንደር አጠገብ በደረሰበት ጥቃት ምክንያት ሞተ። የተዋቸው ጽሑፎች በወንድሙ አማካይነት ተሰብስበው በ1868 ለንደን ላይ ታተሙ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የወረራን ሥርዓት ጨምሮ የሰንጠረዥ አጨዋወት ተገልጿል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው በዘመኑ ጨዋታውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ብዙ ሲሆኑ፣ ሕጉ ግን ለኋለኛው ትውልድ የደረሰው በዋናነት በእንግዳ ሰው እጅ መሆኑ ነው።

በጽሑፍ የቆየ መምህርና በጽሑፍ ያልቆዩ መምህራን

ለንጽጽር የባግዳዱ አቡ በክር አል ሱሊ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአባሲዶች ቤተ መንግሥት ያገለግል የነበረው አል ሱሊ በኸሊፋ አል ሙክታፊ ፊት የዘመኑን ታዋቂ ተጫዋች አል ማዋርዲን አሸንፎ ቀዳሚነቱን አረጋገጠ። በዚያን ዘመን ከፍተኛ ችሎታ ያላቸው ተጫዋቾች ዓሊያት የሚባል የራሳቸው ደረጃ ነበራቸው። ይህም የዛሬው ግራንድ ማስተር ማዕረግ የጥንት አምሳያ ነው።

አል ሱሊ በመጫወት ብቻ አልተወሰነም። ስለ ሻትራንጅ መጻሕፍት ጻፈ፤ አል ላጅላጅ የተባለ ደቀ መዝሙርም አስተማረ። ደቀ መዝሙሩም በበኩሉ የመምህሩን አካሄድ በጽሑፍ አስቀመጠ። አል ሱሊ ካዘጋጃቸው የጨዋታ እንቆቅልሾች አንዱ ለሺህ ዓመት ያህል መልስ ሳያገኝ ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ የሶቪየት ኅብረቱ ግራንድ ማስተርና የቼስ መምህር ዩሪ አቨርባክ መፍትሔውን አቅርቧል። ተጫዋቹ ከሞተ ከአሥር ክፍለ ዘመናት በኋላ ትምህርቱ ሌላ ተማሪ ሊያገኝ የቻለው በጽሑፍ በመቆየቱ ነው።

በኢትዮጵያ መምህርን ተከትሎ መማር እንግዳ ሥርዓት አይደለም። ጎጃም በቅኔ ትምህርት የታወቀች ናት። የቅኔው መምህር ደቀ መዛሙርቱን ሰብስቦ ያስተምራል፤ ያስመሰከረውም ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ወንበር ይዘረጋል። ሰንጠረዥ ግን እንዲህ ያለ ጉባኤ ቤት አልነበረውም። የተማረው በግቢ ተቀምጦ በማየት ነው፤ የቆየውም ግቢው እስከቆየ ድረስ ነው። ገበጣ በአንጻሩ መሬት ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶችና በጠጠር የሚደረግ በመሆኑ ቤተ መንግሥት ሳያስፈልገው በእረኞችና በሕፃናት ዘንድ ሊዘልቅ ችሏል።

የተቋረጠበት ጊዜና የተሰበሰበው መረጃ

ፋሽስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም አገሪቱን ሲይዝ የመኳንንቱ ግቢዎች ተበተኑ። ከጌቶቹ የተወሰኑት ዘመቱ፣ ሌሎቹ ተሰደዱ፣ ብዙዎችም አለቁ። ከነፃነት በኋላ አዲስ የተቋቋሙት ትምህርት ቤቶች፣ መሥሪያ ቤቶችና ክበቦች ዓለም አቀፉን ቼስ ሲያስተናግዱ የጥንቱ ሰንጠረዥ ተተኪ አላገኘም።

የቀረውን መረጃ ለማሰባሰብ ትልቅ ጥረት ያደረጉት የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ በ1971 በተቋሙ መጽሔት ላይ የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ የሚመለከት ጥናት አሳትመዋል። የተጓዦችን ጽሑፎች ከአገር ውስጥ መረጃ ጋር አገናዝበው ያቀረቡት ይህ ጥናት ዛሬም በጉዳዩ ላይ ዋነኛ ማጣቀሻ ነው። ፕሮፌሰር ፓንክረስት በየካቲት ወር 2009 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ግራንድ ማስተር እንዴት ይገኛል?

ዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ ሐምሌ 20 ቀን 1924 ፓሪስ ላይ የተመሠረተ ሲሆን የግራንድ ማስተር ማዕረግን በይፋ መስጠት የጀመረው በ1950 ነው። በዚያ ዓመት ማዕረጉን ያገኙት 27 ተጫዋቾች ነበሩ። አንድ ተጫዋች ማዕረጉን ለማግኘት በአጠቃላይ የደረጃ ነጥቡ 2 ሺህ 500 መድረስ፣ ከዚህም ሌላ በሦስት ውድድሮች የተወሰነውን ከፍተኛ ውጤት ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። በእነዚህ ውድድሮች ከሚገጥማቸው ተጫዋቾች ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ግራንድ ማስተሮች መሆን አለባቸው፤ ሁሉም ከአንድ አገር የመጡ ሊሆኑም አይችሉም።

ሕጉ ለአዲስ ጀማሪ አገሮች ፈታኝ ነው። ግራንድ ማስተር በሌለበት አገር የሚኖር ተጫዋች ችሎታው ቢኖረውም እንኳ ማዕረጉን ለማግኘት ወደ ውጭ ተጉዞ መወዳደር ይኖርበታል። ይህም ወጪንና ቋሚ ሥልጠናን ይጠይቃል። የሆነ ሆኖ መንገዱ ለአፍሪካውያን ዝግ አይደለም። ቱኒዚያዊው ስሊም ቡአዚዝ እ.ኤ.አ በ1993 የመጀመሪያው አፍሪካዊ ግራንድ ማስተር ሆኗል። የዛምቢያው አሞን ሲሙቶዌ በ2009፣ የደቡብ አፍሪካው ኬኒ ሶሎሞን ደግሞ በ2014 ተከትለውታል።

የአሠልጣኝን ሚና በግልጽ የሚያሳየው ግን የሞሪስ አሽሊ ሕይወት ነው። አሽሊ መጋቢት 6 ቀን 1966 እ.ኤ.አ በጃማይካ ተወለደ። ይህም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን ከጎበኙበት ከዚያው ዓመት ሚያዝያ 21 ቀን ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። በ12 ዓመቱ ወደ ኒውዮርክ ሄዶ በብሩክሊን አደገ፤ ጨዋታውንም በቁም ነገር የያዘው በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር። ግራንድ ማስተር ከመሆኑ በፊት አሠልጣኝ ነበር። ሃርለም ውስጥ ከሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተውጣጣው ቡድኑ በ1991 በአሜሪካ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና የአንደኝነቱን ደረጃ ተጋርቷል። በመጋቢት ወር 1999 የመጨረሻውን መስፈርት አሟልቶ በዓለም የመጀመሪያው ጥቁር ግራንድ ማስተር ሆነ። በዚያው ዓመትም በሃርለም ለታዳጊዎች የቼስ ማዕከል ተከፈተ። በ2016 በአሜሪካ የቼስ የዝና መዝገብ ስሙ ሰፍሯል።

የአሽሊ ተማሪዎች ለውጤት የበቁት ውድ መሣሪያ ስላገኙ አይደለም። ያገኙት በሳምንቱ ውስጥ በተወሰነ ሰዓት የሚመጣ፣ የሚያውቀውን ሳይሰስት የሚያስተላልፍና በእኩል መድረክ እንዲወዳደሩ የሚያደርጋቸው መምህር ነው። በሰንጠረዥ ታሪክ ውስጥ ሳይሟሉ የቀሩትም እነዚሁ ናቸው።

ከጨዋታው የሚቀረው

ሰንጠረዥን መልሶ ማስተማር የሚጠይቀው አነስተኛ ነው። ገበታው መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ነው፤ ጠጠሮቹ ከማንኛውም እንጨት ሊቀረጹ ይችላሉ፤ የዓለም አቀፉ ቼስ ጠጠሮችም በቁጥር እኩል በመሆናቸው ለሁለቱም ያገለግላሉ። ሕጉ ከፕላውደንና ከፓንክረስት ጽሑፎች ተለቅሞ በአማርኛ ቢዘጋጅ በአንድ የትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ ከቼስ ጎን ለጎን ሊሰጥ ይችላል። ሰንጠረዥን የለመደ ተማሪ የፈረስንና የደርን አካሄድ ቀድሞ ስለሚያውቅ ወደ ቼስ ለመሸጋገር አይቸገርም።

ለዚህም የባህልና የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ የትምህርት አመራሮችና የፌዴሬሽኑ መቀናጀት ያስፈልጋል። ጨዋታውን የሚያስታውሱ አረጋውያን ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ በመሆኑ፣ በየአካባቢው በቤተሰብ እጅ የሚገኙ ጥንታዊ ገበታዎችና ጠጠሮች ካሉ መመዝገባቸው ጊዜ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም። ግራንድ ማስተር በአንድ ትውልድ ላይፈራ ይችላል፤ የሚያስተምር ሰው መመደብ ግን በአንድ የበጀት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ሊካተት የሚችል ሥራ ነው።